መስታወት ላይ መስታወት

ተረፈ ይባላል፤ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። የካሜራዬን መስታወት ከነኮፍያው አውልቆ ኪሱ የከተተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ በዓመቱ፣ መስቀል አልፎ ገና ቅቤው ከሰው አናት ላይ ሳይደርቅ፣ ሆመቾ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ ነው። ስሙን ጠራሁ፣ ጊዜውን ተናገርኩ፤ ከዚህ በላይ ስለ ሰውየው ክፉ አይወጣኝም። የሆነውን በተራ በተራ አስታውሳለሁ እንጂ። ማስታወስ ደግሞ ሐሜት አይደለም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ አልተወጋሁም፤ ተጫርኩ እንጂ። የተጫረም እንደማይረሳ እነሆ በዚህ ዕድሜዬ እየመሰከርኩ ነው።

ሆሳዕና ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ባሌ ሲሞት ሁለት ሴት ልጆች፣ አንዲት ጨለማ ክፍልና አንድ ካሜራ ትቶልኝ ሄደ። ዘመድ አልቅሶ ሲጨርስ ልጆቹን በምን እንደማሳድግ የጠየቀኝ አልነበረም። ስለ ካሜራው ግን ተረፈ በሠልስቱ ጠየቀኝ።

«እትዬ፣ የወንድሜ ካሜራ ደህና ቦታ ተቀምጧል?»

እትዬ የሚለኝ ሲርበው ነው። ጠግቦ ሰው ፊት ሲቆም ጓዲት ነኝ። ያን ጊዜ የቀበሌያችን የባህልና የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ሆኖ ነበርና ከጓዲትነት የማመልጠው ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ነበር።

«ደህና ነው» አልኩት። «ሥራ ላይ ነው።»

እውነትም ሥራ ላይ ነበር። ሰው መታወቂያ ያወጣል፣ ሰው ያገባል፣ ሰው ልጁን ክርስትና ያስነሣል፤ ያ ካሜራ ቀና ብሎ ሲያይ ልጆቼ በልተው ያድራሉ። ዓይኑ ከጠፋ ግን ሌላ የለም። በዚያ ዘመን ካሜራ ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ አልነበረም፤ ስኳር እንኳ በሰልፍ ነው።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከካሜራው ሌንስ ፊት እንደ ጠርሙስ ክዳን ተጠምዝዞ የሚገባ ስስ መስታወት አለ፤ ፊልተር ይሉታል። አያጎላም፣ አያሳንስም። ሥራው መመታት ነው። አቧራም ቢሆን፣ ጠጠርም ቢሆን፣ የሕፃን ጣትም ቢሆን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ቢሰበር አዝናችሁ ትቀይሩታላችሁ፤ ሌንሱ ከተሰበረ ግን እናንተ ናችሁ የምትቀየሩት። ባሌ «ዘበኛው» ይለው ነበር። ኮፍያ የምንለው ደግሞ ከዘበኛው ፊት የሚገባ፣ አፉ የሰፋ የጎማ ቀለበት ነው። ፀሐይ በጎን ሰርጋ ገብታ ፎቶውን ጉም እንዳታለብሰው ይከልላል።

በእኛ አገር ደግሞ ሌንስ ጠላቱ ብዙ ነው። በበጋ የመንገዱ ቀይ አቧራ አለ። በክረምት ዝናቡ አለ። ልጆች አሉ፤ ሆሳዕና ውስጥ ያደገ ልጅ ሁሉ «ውስጡ ማን አለ?» ብሎ ጣቱን ሌንስ ላይ ሳያሳርፍ ያደገ አይመስለኝም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ቅቤ ነው። መስቀል ሲገባ ፎቶ ቤቴ የሚመጣው ሁሉ አናቱ ላይ ለጋ ቅቤ አኑሮ፣ በቅቤ የራሰ የቡላ ምግባችንን፣ አታካናውን ጠግቦ፣ ደስ ብሎት ነው የሚመጣው። ደስ ያለው ሰው ያቅፋል። ያቀፈ ሰው ይቀባል። ስለዚህ ዘበኛውን ጠዋት ጠዋት በልጆቼ ነጠላ ጫፍ ስጠርገው «ይቺ ሴትዮ ካሜራ ታጥባለች» የሚሉኝ ጎረቤቶች ነበሩ። ስማቸውን አውቀዋለሁ፤ ዛሬ የእነሱ ተራ አይደለም።

ባሌ ፊልተሩን እንጂ ኮፍያ አልተወልኝም ነበር። እኔም ራሴ ሠራሁት። የሳልሳ ቆርቆሮ ከሁለቱም በኩል ቆርጬ፣ ጥላሸት ቀብቼ፣ ከፊት ሰካሁት። አምሮበት ነበር። ትንሽ መድፍ መሰለ እንጂ አምሮበት ነበር። ይህንኑ ይዤ ጃጁራ ሰርግ ሄድኩ።

ፎቶዎቹ ታጥበው ሲወጡ መሐሉ ብርሃን፣ አራቱም ጥግ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። መሐል ላይ የቆመው የሙሽራው ወገን ነው። የሙሽሪት ወገን ትሕትና አብዝቶ ጥግ ጥጉን ይዞ ነበር። የሙሽሪት እናት ፎቶውን ይዘው ፎቶ ቤቴ ድረስ መጡ።

«እኔ የታለሁ?»

«እዚህ ጋ ነዎት፣ እናቴ።»

«ይህ ጥቁሩ?»

«አዎ። ልብ ብለው ካዩት የነጠላዎ ጥለት ይታያል።»

«የሙሽራው አክስት የወርቅ ጥርሷ ሳይቀር ያበራል። የወለድኩት እኔ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ቆሜያለሁ! ስንት ሰጡሽ?»

ነገሩ በዚያ አላበቃም። የሙሽሪት ወገን «ሆን ተብሎ ነው» አለ፤ የሙሽራው ወገን «እግዜር ያበራለትን ማን ያጠፋዋል» ብሎ መለሰ፤ መጨረሻ ላይ በአንድ የሳልሳ ቆርቆሮ ምክንያት ሽማግሌ ተቀመጠ። ጥፋቱ ግን የእኔ አልነበረም። ሳልሳው ረጅም ነበር።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ፒያሳ አንድ ሽማግሌ ካሜራ ጠጋኝ ዘንድ ቀረብኩ። ካሜራዬን አዩ፣ ቆርቆሮውን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ሳልሳውንስ በላሽው?» አሉኝ።

ከመሳቢያቸው ልክ የሆነ የጎማ ኮፍያ አወጡልኝ። በእጄ የሚበቃ ነገር ስላልነበረኝ የጋብቻ ቀለበቴን አውልቄ ሰጠኋቸው። ቀለበት ሰጥቼ ቀለበት ተቀበልኩ። ባሌ ቢያይ አይከፋውም ነበር፤ የመጀመሪያው ጣቴን ነበር የሚጠብቀው፣ ሁለተኛው ልጆቹን።

አሁን ወደ ተረፈ ልመለስ፤ ከእሱ ርቄም አላውቅ።

ከሆመቾው ነገር በፊት በነበረው የአብዮት በዓል ሰልፍ ላይ አዲስ ካኪ ለብሶ፣ አዲስ ኮፍያ እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ከእንግዶች ጎን ቆሞ አንስቼው ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። የኮፍያው ጥላ ፊቱ ላይ ወደቀና ከአፍንጫው በላይ እንደ ምጣድ ጠቆረ። ኮፍያው ግን ስፌቱ ሳይቀር ይታያል።

«ፊቴ የታለ?» አለኝ።

«ከኮፍያህ ሥር ነው።»

«ኮፍያዬ የደንብ ልብስ ነው። ፊቴን የበላው ይህ መስታወትሽ ነው።» ካሜራውን አንስቶ አገላበጠው። «ቆይ፣ ካሜራው ራሱ መስታወት አለው። መስታወት ላይ መስታወት ምን ይሠራል? ሰው በሸሚዝ ላይ ሸሚዝ ይለብሳል?»

ይህን ሲናገር ከካኪው ሥር ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሸሚዝ፣ ከሸሚዙ ሥር ካናቴራ ነበር። ዝም አልኩ። ልጆች ያላት ሴት ዝም የምትልበትን ታውቃለች።

«ይህ የንዑስ ከበርቴ ጌጥ ነው» ብሎ ቀጠለ። «የካሜራው ኮፍያ ደግሞ ብርሃን ይከለክላል። የሰፊውን ሕዝብ ብርሃን! ለማንኛውም የሆመቾ ወፍጮ ሲመረቅ ከክፍለ ሀገር ትልቅ ጓድ ይመጣል። የዚያ ቀን ፎቶ ካልወጣ ካሜራው ለባህል ክፍል ገቢ ይሆናል። እኔ ራሴ እይዘዋለሁ። ለነገሩ የወንድሜ ነው።»

ይኸው ነው ነገሩ። ሌላው ሁሉ መግቢያ ነበር።

ቀኑ ደረሰና በጭነት መኪና ላይ ተጭነን ሆመቾ ሄድን። መንገዱ አቧራውን ሙሉ በሙሉ እኛ ላይ አራግፎ ባዶውን ቀረ። እኔ ካሜራዬን በነጠላዬ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው ነበር። ተረፈ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ መስኮት ስለከፈተ ከእኛ እኩል ቀይ ሆኖ ወረደ።

ወፍጮው የሞተር ወፍጮ ነው፤ የገበሬ ማኅበሩ አዋጥቶ ያመጣው። እስከዚያ ቀን ሴቶቹ እህል ተሸክመው እስከ ከተማ ይሄዱ ነበርና ደስታው የእውነት ነበር። ለሙከራ ተፈጭቶ ዱቄቱ ግቢውን አልብሶታል። ትልቁ ጓድ ደረሱ፤ ጎልማሳ ናቸው፣ ፊታቸው ላይ የፈንጣጣ ምልክት አለ፣ ካሜራ ሲያዩ ወዲያው ጉንጫቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። ተሰለፉ። እኔም ዓይኔን ካሜራው ላይ ሳደርግ ተረፈ ከፊት ለፊቴ ብቅ አለ።

«ጓዲት፣ ምን ተባባልን?»

ሕዝብ እያየ የካሜራዬን ኮፍያ መንጭቆ አወጣ፤ ፊልተሩን ጠምዝዞ ፈታ፤ ሁለቱንም ኪሱ ከተተ። እኔ በሁለት እጄ ካሜራውን ይዣለሁ። የያዘ እጅ አይማታም።

«አሁን እንደ ሰው ያያል» አለ።

ዘበኛው በሄደ በደቂቃው እንግዳ መጣ። የአገሩ ሽማግሌ አባባ ኤርገኖ በእንሰት ቅጠል ለጋ ቅቤ ይዘው ለምርቃት ተነሡ። በዚያ አገር አዲስ ነገር ሲመጣ ደረቁን አይቀበሉትም። የወፍጮውን መዘውር ቀቡ፤ መረቁ። የትልቁን ጓድ ግንባር ቀቡ፤ መረቁ። የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ቀቡ። ሾፌሩን ቀቡ። ተረፈ ኮፍያውን ላለማውለቅ ወደ ኋላ ሲል ኮፍያውን ቀቡለት። ከዚያ ቅጠሉን ተመለከቱና ቅቤ እንደቀረ አዩ። ዙሪያቸውንም ተመለከቱና እኔን አዩኝ።

«ይሄ አዲስ ነው?» አሉ ወደ ካሜራው እያመለከቱ።

«የለም አባባ፣ አሮጌ ነው። የባሌ ነው።»

«እዚህ መጥቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያ እንግዳ ነው። ወፍጮው ተቀባ፣ እንግዳው ተቀባ። ይሄ ለምን ደረቁን ይሄዳል?»

ምን ልበል? ትልቁ ጓድ እያዩ፣ አገር እያየ፣ የሽማግሌ ምርቃት እምቢ አይባል። ወደ አፌ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«አባባ፣ እሱ ጾመኛ ነው።»

አባባ ኤርገኖ ቀኑን በጣታቸው ቆጠሩ።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው» አሉና አውራ ጣታቸውን ቅቤው ውስጥ ነክረው ሌንሱ መሐል ላይ አሳረፉት። አሳርፈውም አላነሡትም፤ እንደ ማኅተም አዙረው አተሙት። «ዓይንህ ይብራ! ክፉ አያሳይህ!» አሉና እንትፍ፣ እንትፍ ብለው ጨረሱት።

«አሜን!» አለ ሕዝቡ። እኔም አሜን አልኩ። ምን አደርጋለሁ፣ ምርቃት ነው። ዘበኛው ቦታው ላይ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ቅቤ የሚያርፈው እሱ ላይ ነበር፤ ፈትቼ፣ አመስግኜ፣ ሥራዬን እቀጥል ነበር።

ግዴለም፣ ለጋ ቅቤ ሌንስ አይጭርም። ቀስ ብዬ በንጹሕ ጨርቅ አነሣዋለሁ ብዬ ጨርቄን ከደረቴ ሳወጣ ተረፈ ቀደመኝ።

«ጓድ እየጠበቁ ነው! ምን ትንቀረፈፊያለሽ?» ብሎ የካኪ ኮቱን እጅጌ ሌንሱ ላይ አድርጎ ፈተገው። የሆሳዕናን አቧራ፣ የሆመቾን ዱቄት፣ የመንገዱን አሸዋ የጠጣ እጅጌ! ድምፁን ሰማሁት። ረጅም አልነበረም። ጭርር አለና አለቀ። ጥርስ የሚያፋጭ ሕፃን የሰማ ሰው ያውቀዋል።

«ይኸው! ንጹሕ» አለ።

ንጹሕ አልነበረም። ቅቤው ከዳር እስከ ዳር ተዳርሷል፤ ከሥሩ ደግሞ ጭረት አለ። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ በቅቤውም በጭረቱም በኩል ዓለምን እያየሁ አነሣሁ። ፀሐይዋም ከፊት ለፊቴ ነበረች፤ ኮፍያው ደግሞ የተረፈ ኪስ ውስጥ። ወደ ቤት ስንመለስ ካሜራዬን ታቅፌ ለልጆቼ ምን ብዬ እንደምነግራቸው አስብ ነበር። ተረፈ በጋቢናው መስኮት ዘፈን ያንጎራጉራል።

ፎቶዎቹን ሳጥብ ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ? ወፍጮው ደመና ላይ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ከሰማይ የወረዱ ይመስላሉ። ትልቁ ጓድማ! በራሳቸው ዙሪያ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብርሃን ከቦ፣ የፈንጣጣው ምልክት ተጠርጎ፣ ጉንጫቸው እንደ ሙሽራ ለስልሶ ቆመዋል። ካሜራዬ አለቀለት አልኩ። ባለሥልጣን ቅዱስ አስመስዬ ማንሣቴም ሌላ ጣጣ መሰለኝ።

በማግሥቱ ፎቶው ቢሮ ቀረበ። ትልቁ ጓድ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ተመለከቱት። በእጃቸው ጉንጫቸውን አልያዙም።

«ይህን ያነሣው ማነው?»

«እሷ ናት ጓድ!» አለ ተረፈ ፈጥኖ። «እኔ አስቀድሜ ካሜራው ለባህል ክፍል ገቢ ይሁን ብዬ ነበር።»

«እናቴ እንኳ እንዲህ አድርጋ አይታኝ አታውቅም» አሉ ጓድ። «የመታወቂያ ፎቶዬ ሌባ ያስመስለኛል። ይህ ግን እኔ ነኝ።»

ተረፈ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ ዞረ። «ፊልተሩን ያስወለቅኳት እኔ ነኝ ጓድ። በእኔ አመራር ነው።»

«እንግዲያ ካሜራው ከእጇ እንዳይወጣ» አሉ። «ፊልተር የምትሉትም ሁለተኛ እንዳይደረግ።»

በአንድ አፍ ካሜራዬን ሰጡኝ፣ በዚያው አፍ ዘበኛዬን አባረሩት። ተረፈ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ባነሣት ደስ ባለኝ ነበር።

ከዚያማ አገር መጣብኝ። ከዱራሜ መጡ፣ ከአንጋጫ መጡ፤ «የሆመቾውን ዓይነት» ይላሉ። ከሺንሺቾ አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ቅቤውን ራሳቸው በቅጠል ጠቅልለው ይዘው መጡ።

«ከቤት ነው ያመጣሁት፤ ንጹሕ ነው» አሉኝ። «ሳትሳሺ ቀቢው።»

ሌንስ ላይ በየቀኑ ቅቤ መቀባትና መጥረግ ማለት ደግሞ ዓይንን በየቀኑ በበርበሬ ማጠብ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጭረቱ ወንድሞች ወለደ። ፀሐይ ትንሽ ዘንበል ካለች ደጅ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ጉም ውስጥ ይገባል፤ ቅቤ ያልጠየቀውም ሳይቀር። አንዱ «እኔ ለመታወቂያ ነው፣ መልአክ አልሆንም» ብሎ ፎቶውን ጥሎብኝ ሄደ። እንግዲህ ምን እንደሚያስፈልገኝ ግልጽ ነበር። ፊልተሩ ቢኖረኝ ቅቤውን እሱን እቀባው ነበር፤ ለማይፈልገው ደግሞ ፈትቼ አስቀምጠው ነበር። ኮፍያው ቢኖረኝ ፀሐይዋ ጭረቱን አታገኘውም ነበር። ትእዛዝ ቢሆንም፣ ልጆቼ ትእዛዝ አይበሉም። ነጠላዬን አጣፍቼ ተረፈ ቢሮ ሄድኩ።

ቢሮው መንገድ ዳር ነው። እሱ ወንበሩ ላይ ተንፈላሷል። ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶዎቹ በአንድ ጥቁር፣ አፉ የሰፋ የጎማ ነገር ውስጥ ቆመዋል። ከጎኑ አንድ ክብ ትንሽ ፎቶ ተቀምጧል። ያ የሰልፉ ፎቶ ነው፤ አዲሱ ኮፍያ በደንብ ይታያል፣ ፊቱ እንደ ጠቆረ ነው። ዙሪያውን ተቆርጦ፣ ከኋላ ካርቶን ተደግፎ፣ ከፊቱ በጥቁር ቀለበት የተያዘ ስስ መስታወት ተገጥሞለታል።

ቆሜ አየሁት።

«ተረፈ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ፎቶዬ ነው ጓዲት። አንቺው ነሽ ያነሣሽኝ።»

«ከላዩ ያለውስ?»

«አቧራ ይበዛል እኮ። መኪና ባለፈ ቁጥር ይገባል። ቢበላሽ ሌላ የለኝም።»

«መስታወት ላይ መስታወት ምን ይሠራል አላልከኝም?»

«ያ ካሜራ ነው። ይህ እኮ እኔ ነኝ!»

«እኔስ ስንት ካሜራ አለኝ?»

በውጭ መኪና አለፈ፤ አቧራው በመስኮቱ ገብቶ ሁለታችንም ላይ እኩል አረፈ። ጠረጴዛውን ተመለከተ፣ እኔን ተመለከተ፣ በሩን ተመለከተ።

«እትዬ» አለኝ በመጨረሻ። ገና ምሳ ሰዓት አልደረሰም ነበር።

እስክሪብቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁና ኮፍያዬን ወሰድኩ። ከክቡ ላይ መስታወቴን ፈታሁ፤ ፎቶውን ለእሱ ተውኩለት። ቤቴ ገብቼ ሁለቱንም ካሜራዬ ላይ ገጠምኩ። ከዚያም የዚያኑ የሰልፍ ፎቶ ነጌቲቭ አወጣሁና አንድ ክንድ ያህል አድርጌ አሳደግኩት። ፀሐይና አቧራ በሚገቡበት በመንገዱ በኩል ባለው መስኮቴ ላይ ሰቀልኩት፤ የባለሥልጣን ፎቶ መስቀል ክብር ስለሆነ አውርጂ ሊለኝ አልቻለም። መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ እዚያው ነበር። መስታወት አላደረግኩለትም።